ዕቅዱ የማን ነው? ስለ ልዩ ፍላጎት ትምህርት ዕቅድና ስለ ተማሪው መብት

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለተሰበሰቡ ወላጆችና ተማሪዎች የተደረገ ንግግር ነው። ወደ ጽሑፍ ሲመለስ ጥቂት ድግግሞሽ ከመቀነሱ በቀር እንዳለ ቀርቧል።)

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተወደዳችሁ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ። ቅዳሜን ከሥራና ከገበያ ቀንሳችሁ፣ አንዳንዶቻችሁም ከሌሊት ፈረቃ ወጥታችሁ እንቅልፍ ሳትጠግቡ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ከኋላ ወንበር ላይ ለተደረደራችሁት፣ «እማዬ ጎትታ አመጣችኝ» የሚል ፊት ለሚታይባችሁ ወጣቶች ደግሞ የተለየ ምስጋና አለኝ፤ የዛሬው ንግግር በዋናነት ለእናንተ ነውና። ወላጆቻችሁ ቢሰሙት ደስ ይለኛል፤ እናንተ ካልሰማችሁት ግን መምጣቴ ከንቱ ነው። አማርኛዬ የከበደው ሰው እጁን ያውጣ፤ ቆም ብዬ አስረዳለሁ፤ በዚህ አዳራሽ ውስጥ አልገባኝም ማለት አያሳፍርም።

ራሴን በአጭሩ ላስተዋውቅ። ደሴ ውስጥ ለዘጠኝ ዓመት ሒሳብ አስተምሬያለሁ። እዚህ አገር ስመጣ በረዳት መምህርነት ጀመርኩ፤ ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ዛሬ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህርት ሆኛለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን አይ ኢ ፒ ያለው ልጅ እናት ነኝ። አይ ኢ ፒ ማለት ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ተማሪ በስሙ የሚዘጋጅ የግል የትምህርት ዕቅድ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ። የብዙዎቻችሁ ጥያቄ «ምንድን ነው?» የሚል ሳይሆን «ያ ሁሉ ገጽ ውስጡ ምን ይላል?» የሚል ይመስለኛል።

አራት ነገሮችን አነሣለሁ። ይህ ዕቅድ ከየት መጣ? ተማሪው ራሱ እንዴት ያንብበው? ቋንቋው ሲያስቸግር ወላጅ ምን ያድርግ? ልጁ 18 ዓመት ሲሞላውና ኮሌጅ ሲገባስ ምን ይሆናል? ሁለተኛው ላይ ብዙ እቆያለሁና ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሁሉም በፊት ግን አንድ የቤቴን ገመና ላውጣ።

ልጄ ሁለተኛ ክፍል እያለ ዲስሌክሲያ እንዳለበት ታወቀ። ዲስሌክሲያ ፊደልን ከድምፁ ጋር አገናኝቶ ቃል ማንበብን የሚያከብድ እንጂ የማሰብ ችሎታን የሚነካ ችግር አይደለም። ለስድስት ዓመት በየስብሰባው ተገኘሁ፣ ጠየቅሁ፣ ተከራከርሁ፣ ፈረምሁ። ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ሰማያዊ ማኅደር አድርጌ ከፍሪጁ በላይ ካለው ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥሁት። ልጄ የሚያውቀው ነገር ቢኖር በንባብ ሰዓት አንዲት መምህርት በሩ ላይ ቆማ ስሙን እንደምትጠራ ብቻ ነበር።

14 ዓመት ሲሞላው በራሱ ስም የተጻፈ የስብሰባ ጥሪ መጣ። «አንተ ክፍልህን አትቅር፤ እኔ ሄጄ የተባለውን እነግርሃለሁ» አልሁት። ዕቅዱን የምትከታተለው መምህርት ግን «እርሱ ካልመጣ ስብሰባው ለማን ነው?» ብላ ድርቅ አለች። መጣ፣ ተቀመጠም። በስብሰባው ላይ ዕቅዱ ተነበበ፦ ፈተናውን ጸጥ ባለ የተለየ ክፍል ይወስዳል፤ ከመደበኛው ሰዓት ግማሽ ያህል ይጨመርለታል። «ይህ እየጠቀመህ ነው?» ብላ ጠየቀችው። ልጄ ጠረጴዛውን እያየ፣ «ክፍሉ ከባንዱ ክፍል ጎን ነው፤ ፈተና ላይ ሆኜ እነርሱ ከበሮ ይለማመዳሉ» አለ።

ዓመቱን ሙሉ ከበሮው በግድግዳው በኩል እየመጣበት፣ የተጨመረለትን ሰዓት ሳይነካ፣ ወረቀቱን ሰጥቶ እየወጣ ነበር። ለምን እንዳልተናገረ ስንጠይቀው የመለሰልን መልስ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ፦ «ጸጥ ያለ መሆን እንዳለበት አላወቅሁም።» እኔ ግን አውቅ ነበር፤ «ጸጥ ያለ ክፍል» የሚለውን አንብቤ ፈርሜበታለሁ። ይህን ሥራ ለእንጀራዬ የምሠራ ሰው ነኝ፤ የገዛ ልጄ ፈተና ከከበሮ ጎን እንደሚሰጥ ግን አላወቅሁም። ከግድግዳው ማዶ ያለውን የሚሰማው እዚያ ክፍል ውስጥ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ ምን እንደተጻፈለት ካላወቀ የተጻፈው ነገር መጓደሉን ሊያውቅ አይችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ ጆርጂያ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት ያዘን። «እዚያ የነበረው ወረቀት ሁሉ ስለ እኔ ነው?» አለኝ። አዎ አልሁት። «ስንት ዓመት?» ስድስት አልሁት። «ለምን አልነገርሽኝም?» መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ከኋላዬ ጡሩንባ እስኪነፋብኝ ድረስ መልስ አልነበረኝም። ዛሬ እዚህ የቆምሁት ያንን መልስ ዘግይቼም ቢሆን ለመስጠት ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ፤ አጭር ነው። ብዙዎቻችን «በነፃ እያስተማሩልን እንዴት ይህን አልሰጣችሁንም ብለን እንጠይቃለን?» እንላለን። ይሉኝታ ነው። ይህ ነገር ግን ችሮታ አይደለም። ታሪኩም ሩቅ አይደለም፤ ከዚህ በባቡር ጥቂት ፌርማታ ወርዳችሁ የምታገኙት የዋሽንግተን ከተማ ታሪክ ነው። በከተማዪቱ የሕዝብ ትምህርት ቤቶች «ባሕርያቸው ያስቸግራል፣ አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው» እየተባሉ ከትምህርት የተባረሩ ሰባት ጥቁር ልጆች ነበሩ፤ በእነርሱ ስም ክስ ተመሠረተ። በጊዜው በከተማዪቱ ተገቢ ትምህርት የማያገኙ የአካል ጉዳትና የመማር ችግር ያለባቸው ልጆች እስከ 18,000 ሊደርሱ እንደሚችሉ ተገምቶ ነበር። የትምህርት ቦርዱ ገንዘብ የለንም አለ። ዳኛው ጆሴፍ ዋዲ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1972 በሰጡት ውሳኔ፣ ገንዘቡ ለሁሉም የማይበቃ ከሆነ እጥረቱ በእነዚህ ልጆች ላይ ከሌሎቹ በበለጠ ሊወድቅ አይገባም አሉ። እስቲ ይህን አስቡት፤ ገንዘብ አነሰ ቢባል እንኳ መጀመሪያ የሚቆረጥባችሁ እናንተ አይደላችሁም ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ኅዳር ወር 1975 በፈረንጅ አቆጣጠር ፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ለመላ አገሪቱ የሚሆነውን፣ አይ ኢ ፒም የተወለደበትን ሕግ ፈረሙ፤ ሕጉ በ1990 ዛሬ «አይዲያ» እየተባለ የሚጠራበትን ስም አገኘ። በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ ማድረግን የሚከለክል፣ ከ1973 ጀምሮ ያለ ሌላ ሕግ ደግሞ አለ፤ የ504 ዕቅድ የምትሉት ከእርሱ የተወለደ ነው። ልዩነቱ ባጭሩ ይህ ነው፦ የ504 ዕቅድ በመደበኛው ትምህርት ላይ እንቅፋቱን ያነሣል፤ አይ ኢ ፒ ግን ከዚያ አልፎ ለልጁ ተለይቶ የተዘጋጀ ማስተማርን ይሰጣል። የመኖሪያ ፈቃድ ጉዳይ የሚያስጨንቃችሁ ካላችሁ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1982 ልጆች በዚህ ምክንያት ከሕዝብ ትምህርት ቤት ሊከለከሉ እንደማይችሉ ወስኗል። ይህን ጉዳይ እዚህ ላይ እተወዋለሁ።

ሁለተኛው ነጥብ፣ ተማሪው ዕቅዱን እንዴት ያንብበው? ልጆቼ፣ አሁን እናንተን ነው የማናግረው። ዕቅዳችሁ 20፣ 30 ገጽ ሊሆን ይችላል፤ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ሁሉንም በአንድ ቀን አንብቡ አልልም። መጀመሪያ ግን አሁን ያላችሁበትን ደረጃ የሚገልጸውን ክፍል ፈልጉ። እርሱ ስለ እናንተ የተጻፈ ታሪክ ነው፤ እናንተ ግን አታውቁትም። «በቡድን ሥራ አይሳተፍም» የሚል ካገኛችሁ እውነት ነው? ወይስ በእንግሊዝኛ ለመናገር ከማፈር የመጣ ነው? ወይስ ከጎኑ የሚቀመጠው ልጅ ስለሚያሾፍበት ነው? ስለ እናንተ በተጻፈ ታሪክ ላይ አስተያየት መስጠት ትችላላችሁ። «እዚህ ላይ የተጻፈው እኔን አይመስልም» ማለት ድፍረት አይባልም።

ቀጥሎ የዓመቱ ግብ አለ። ግብ የሚለካ መሆን አለበት። «ንባቡን ያሻሽላል» የሚል ግብ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ምኞት ነው። «በአምስተኛ ክፍል ደረጃ የተጻፈ ምንባብ በደቂቃ ይህን ያህል ቃል በትክክል ያነባል» የሚል ግን ይለካል፤ ደርሻለሁ ወይስ አልደረስሁም ብላችሁ ራሳችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። እዚህ ላይ ለወላጆችም ለልጆችም አንድ የቤት ሥራ እሰጣለሁ፦ የአምናውንና የዘንድሮውን ዕቅድ ጎን ለጎን ዘርጉና ግቦቹን አነጻጽሩ። ዓመት አልፎ ግቡ ቃል በቃል ያው ከሆነ አንድ ነገር ተበላሽቷል። ኮሎራዶ ውስጥ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ወላጆች ግቦቹ ከዓመት ዓመት እየተገለበጡ ልጃቸው ባለበት ቀርቷል ብለው ተከራክረው፣ ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የበታች ፍርድ ቤቱ ልጁ ጥቂት ነገር እንኳ ካገኘ ይበቃል የሚል ሚዛን ይዞ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግን በ2017 በሙሉ ድምፅ ያን ሚዛን ጣለው፤ ዕቅዱ ልጁ ካለበት ሁኔታ አንጻር ተገቢውን እድገት እንዲያሳይ ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት አለ። እንግዲህ «ትንሽም ቢሆን እየተሻሻለ ነው» ስትባሉ «ምን ያህል? ከምን ተነሥቶ?» ብላችሁ ብትጠይቁ ከጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጋር ናችሁ ማለት ነው።

አገልግሎት የሚለው ክፍል ደግሞ ቁጥር ነው። በሳምንት ይህን ያህል ጊዜ፣ ይህን ያህል ደቂቃ፣ የት ክፍል ውስጥ፣ በማን። ልጆች፣ ይህን መቁጠር የምትችሉት እናንተ ብቻ ናችሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ለ30 ደቂቃ የንግግር ሕክምና ተብሎ ተጽፎ ባለሙያዋ ከመጣች ሦስት ሳምንት ከሆናት፣ እናታችሁ ሥራ ላይ ስላለች አታውቅም። ከክፍል ባለመጠራታችሁ ደስ ብሏችሁ ዝም ብትሉ አይገርመኝም፤ እኔም በእናንተ ዕድሜ ዝም እል ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። በዕቅዱ ውስጥ «አኮሞዴሽን» እና «ሞዲፊኬሽን» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ አማርኛችን ሁለቱንም «ማስተካከያ» ብሎ ስለሚጠራቸው ብዙ ሰው ይደናገራል። በምሳሌ ልንገራችሁ። ሁላችንም ጣሪያው ላይ እንውጣ ተብሏል እንበል። ለአንዱ መሰላል ሰጡት፤ መሰላሉን ይዞ እኩል ጣሪያው ላይ ወጣ። አኮሞዴሽን ይህ ነው፦ ተጨማሪ ሰዓት፣ በድምፅ የሚነበብ መጽሐፍ፣ በኮምፒውተር መጻፍ። ለሌላው ደግሞ «አንተ ከወንበሩ ላይ ብትወጣ ይበቃል» አሉት። ሞዲፊኬሽን ይህ ነው፤ የሚማረው ነገር ራሱ ተለወጠ። ለአንዳንድ ልጅ ትክክለኛው ይህ ነው፤ አላጣጥለውም። ነገር ግን መጨረሻውን አስቡት። ትምህርቱ በብዙ ከተለወጠ ልጁ 12ኛ ክፍልን ሲጨርስ የሚያገኘው ዲፕሎማ ሳይሆን «አጠናቋል» የሚል ሰርተፊኬት ሊሆን ይችላል። ሁለቱም ጌጠኛ ወረቀት ላይ ይታተማሉ፤ በሁለቱም ጥቁር ካባ ይለበሳል። ወላጅ ፎቶ ተነሥቶ፣ ድግስ ደግሶ፣ ኮሌጅ ለማስመዝገብ ሲሄድ ያን ጊዜ ነው የሚረዳው።

ሜሪላንድ ውስጥ ልጅን ወደ ዲፕሎማ ወደማያደርስ ፕሮግራም ለማስገባት ወይም ከመደበኛው በተለየ የክልል ፈተና እንዲፈተን ለማድረግ የወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠየቃል። ስለዚህ ይህን ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፉትና በኪሳችሁ ያዙት፦ «ልጄ ወደ ዲፕሎማ የሚያደርሰው መንገድ ላይ ነው?» በስድስተኛ ክፍልም፣ በስምንተኛም፣ በዘጠነኛም ጠይቁት። ልጆች፣ እናንተም ጠይቁት። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ መደበኛውን ዲፕሎማ የተቀበለ ተማሪ በአይዲያ ሕግ የሚያገኘው አገልግሎት ያኔውኑ ያበቃል፤ ያልተቀበለ ግን 21 ዓመት አካባቢ ድረስ ሊቀጥል ይችላል። መቸኮል ሁልጊዜ ትርፍ የለውም።

አንድ ገጽ ብቻ ስለ ራሳቸው እንዲጽፉ ተማሪዎቼን አዛለሁ፦ የምችለው፣ የሚከብደኝ፣ የሚረዳኝ። ሲናገር የሚንተባተብ አንድ ተማሪ ነበረኝ። ዕቅዱ ላይ ስለ ንግግሩ ሁለት ገጽ ሙሉ ተጽፏል። እርሱ ግን በገጹ ላይ አንድ መስመር ብቻ ጻፈ፦ «ጮክ ብዬ እንዳነብ ከመጥራታችሁ በፊት በማግስቱ እንደምትጠሩኝ ንገሩኝ።» ከሁለቱ ገጽ ይልቅ ያቺን አንድ መስመር ስድስት መምህራን ቀድተው ያዟት።

ስለ ዝምታም ጥቂት ልበል፤ ከነጥቤ ወጣ ማለት አይደለም። እኛ ዘንድ «ዝም አይነቅዝም» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ላይ ግን ዝምታ ይነቅዛል። ልጁን «ለምን ለብቻ ትጠራለህ?» ብለው ጓደኞቹ ይጠይቁታል፤ ከወላጅ የሰማው መልስ ከሌለው የራሱን መልስ ይፈጥራል፤ የሚፈጥረው መልስ ደግሞ ሁልጊዜ ከእውነቱ የከፋ ነው። እናቶች፣ ጎረቤት እንዳይሰማ ብለን የምንደብቀውን ነገር ልጁ ክፍሉ ውስጥ በየቀኑ ይኖረዋል። የምንደብቀው ከማን ነው?

ሦስተኛው ነጥብ ቋንቋ ነው። ልጇ የመማር ችግር እንዳለበት የተነገራት የአንዲት እህታችንን ጉዳይ ላንሣ። በስብሰባው ላይ አብሬያት ተቀምጫለሁ፤ ሕጉ ስለ ልጁ የሚያውቅ ሰው ይዞ መሄድን ይፈቅዳልና። አስተርጓሚው በስልክ ነው፤ ስልኩ በጠረጴዛው መካከል ከሶፍት ካርቶኑ ጎን ተቀምጧል። ባለሙያው ልጁ በንባብ ላይ የመማር ችግር እንዳለበት በእንግሊዝኛ ተናገረ። ከስልኩ የወጣው ድምፅ ግን «ልጅዎ የአእምሮ ዝግመት አለበት» አለ። እህቴ «ገብርኤል!» ብላ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አደረገች። በጠረጴዛው ዙሪያ ያሉት የተለመደ ለቅሶ መስሏቸው ሶፍቱን ወደ እርሷ ገፋ አደረጉላት። ስብሰባው እንዲቆም ጠየቅሁ፤ ቃሉን አስተካክለን፣ ባለሙያው የልጁ የማሰብ ችሎታ ምንም እንዳልጎደለው ደግሞ ደጋግሞ እስኪነግራት ድረስ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀ። ነጠላዋን ከፊቷ ያነሣችው ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ባልኖርስ? ያቺ እናት ምን ይዛ ወደ ቤት ትገባ ነበር?

ስለዚህ አስተርጓሚ የማግኘት መብት አላችሁ፤ የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው፣ የሚከፍለውም እርሱ ነው፤ አስቀድማችሁ ግን አሳውቁ። ቃሉ ካልገባችሁ «በሌላ ቃል ይድገሙልኝ» በሉ። ልጃችሁን በራሱ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ አታድርጉት። እስቲ አስቡት፤ የ12 ዓመት ልጅ ስለ ራሱ ድክመት የተነገረውን ለእናቱ ሲተረጉም ምን ይዘላል? ምን ያለሳልሳል? በሜሪላንድ ለስብሰባው የተዘጋጁት ሰነዶች ቢያንስ ከአምስት የሥራ ቀን በፊት ሊደርሷችሁ ይገባል። የቤታችሁን ቋንቋ ከወረዳው ተማሪዎች ከመቶ አንድ በላይ የሚናገሩት ከሆነ፣ ያለቀው ዕቅድ እንዲተረጎምላችሁ ስትጠይቁ በ30 ቀን ውስጥ ትርጉሙ ይሰጣችኋል። በሞንትጎመሪ ካውንቲ ከትምህርት ቤቶች የሚላኩ ጽሑፎች በአማርኛም እንደሚወጡ ታውቃላችሁ፤ ዕቅዱንም በአማርኛ ጠይቁ።

ሌላው የሚያደናግረን ነገር እንግሊዝኛ አለመቻልና የመማር ችግር ናቸው። ልጁ ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር ከመጣ ገና ስምንት ወሩ ከሆነና ችግሩ ቋንቋ ብቻ ከሆነ፣ በዚህ ምክንያት የአካል ጉዳት ወይም የመማር ችግር አለበት ሊባል አይችልም፤ ሕጉ በግልጽ ይከለክላል። ምርመራውም እውነተኛውን ችሎታውን በሚያሳይ ቋንቋ መደረግ ይኖርበታል። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ «እንግሊዝኛው እስኪበስል እንጠብቅ» እየተባለ ዓመታት የሚያልፉበት። ልጁ በአማርኛም ማንበብ ካቃተው ወይም አፉን የፈታው ዘግይቶ ከነበረ ይህን ንገሯቸው፤ እናንተ ካልነገራችኋቸው ሊያውቁ አይችሉም። ልጁ ኢሶል የሚባለውን፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ላልሆነ ተማሪ የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርትም፣ የልዩ ፍላጎት ትምህርትም በአንድ ላይ ሊያገኝ ይችላል።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» አባቶቻችን ይህን ሲሉ አይ ኢ ፒን ያሰቡ ይመስለኛል። ምርመራ ስትጠይቁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ ቀን ጻፉበት፤ ኢሜይል ይበቃል። በፌዴራሉ ሕግ ወላጅ ፈቃዱን ከሰጠበት ቀን ጀምሮ ምርመራው በ60 ቀን ይጠናቀቃል፤ ክልሎች የራሳቸው ሰሌዳ ሊኖራቸው ይችላል፤ ለምሳሌ ቨርጂኒያ ከጥያቄው ጀምሮ 65 የሥራ ቀን ትቆጥራለች። ትምህርት ቤቱ የጠየቃችሁትን አልቀበልም ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ የመስጠት ግዴታ አለበት። በኮሪደር ላይ የተነገራችሁን «አይሆንም» መልስ አድርጋችሁ አትቀበሉ። በትሕትና፣ እየሳቃችሁ፣ «በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። ያን ጊዜ «አይሆንም» የነበረው «እስቲ እንየው» ሲሆን በዓይኔ አይቻለሁ።

ፊርማንም በተመለከተ፣ ተገኝቻለሁ ብሎ መፈረምና ተስማምቻለሁ ብሎ መፈረም አንድ አይደሉም። የትኛው መሆኑን ጠይቁ። የመጀመሪያው አገልግሎት ያለ ወላጅ ፈቃድ ሊጀመር አይችልም፤ ስለዚህ ወረቀቱን ቤት ወስዳችሁ አንብባችሁ ብትመልሱት ማንም አይቆጣም። ካልተስማማችሁም መንገዱ ብዙ ነው፦ በመንግሥት ወጪ በገለልተኛ ባለሙያ የሚደረግ ምርመራ መጠየቅ፣ ሽምግልና፣ ለክልሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት አቤቱታ፣ እስከ መደበኛ ክርክር ድረስ። ልጃችሁ በዲሲፕሊን ምክንያት ከ10 የትምህርት ቀን በላይ ይታገድ ከተባለ ደግሞ፣ ድርጊቱ ከጉዳቱ የመነጨ መሆን አለመሆኑ ከእናንተ ጋር በስብሰባ ሊመረመር ይገባል። ይህን የማያውቅ ወላጅ ልጁን ይዞ አንገቱን ደፍቶ ይወጣል።

የመጨረሻው ነጥብ ስለ ማደግ ነው። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ተማሪው 14 ዓመት ሲሞላው ከትምህርት በኋላ ስላለው ሕይወት ዕቅዱ ውስጥ መጻፍ ይጀመራል፤ የፌዴራሉ ሕግ ወሰን 16 ነው። ይህ በሚነሣበት ስብሰባ ላይ ተማሪው መጠራት አለበት። ወላጆች፣ እኔ ያደረግሁትን አታድርጉ፤ ልጁ አይቅር። «ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋለህ?» ሲሉት በእርሱ ፈንታ «ዶክተር» ብላችሁ አትመልሱ። አንዱ ተማሪዬ የመኪና ሞተር ሲፈታ ውሎ ቢያድር የማይጠግብ ልጅ ነው፤ አባቱ በየስብሰባው «ኢንጂነር» ይላሉ። አባት ስለሆኑ አከብራቸዋለሁ። ነገር ግን ዕቅዱ ሦስት ዓመት ሙሉ ስለ ሌላ ልጅ ሲጻፍ ኖረ።

18 ዓመት ሲሞላ በዋሽንግተን ዲሲና በቨርጂኒያ እነዚህ መብቶች ወደ ተማሪው ይዛወራሉ፤ ጥሪው በእርሱ ስም፣ ፊርማው የእርሱ ይሆናል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር ከወላጅ ጋር ይቆያሉ። ኮሌጅ ላይ ሲደረስ ግን በየትም ቢሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ አይ ኢ ፒ ኮሌጅ በር ላይ ያበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ የ504ና በ1990 የወጣው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ነው፤ እነርሱ ደግሞ የሚሠሩት ተማሪው ራሱ ወደ ቢሮው ሄዶ «ይህ ችግር አለብኝ፣ ይህ ይረዳኛል» ሲል ነው። ማንም አይጠራውም። ወላጅ ቢደውል «ከተማሪው ጋር እንነጋገራለን» ይባላል። 12 ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው የተናገረለት ልጅ፣ በመስከረም አንድ ቀን ጠዋት በማያውቀው ቢሮ ፊት ቆሞ በድንገት እንዲናገር ይጠበቅበታል። ችሎታውን የሚያመጣው ከየት ነው? ከሁለተኛ ደረጃ ስትወጡ ትምህርት ቤቱ ያላችሁበትን ደረጃና የሚረዳችሁን የሚገልጽ ማጠቃለያ ሊሰጣችሁ ግድ ነው፤ ያንን ሳትቀበሉ አትውጡ፤ ወደዚያ ቢሮ ስትሄዱ ይዛችሁት ግቡ።

ልጄ ዛሬ የኮሌጅ ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነው። በመጀመሪያው ሴሚስተር ወደዚያ ቢሮ መሄድ አልፈለገም ነበር፤ «ልሞክረው» አለኝ፤ ምርጫው የእርሱ ነው ብዬ ምላሴን ነከስሁ። በጥቅምት ራሱ ሄደ። ምን ብለህ ጠየቅሃቸው ስለው፣ «መጀመሪያ የፈተናውን ክፍል አሳዩኝ አልኋቸው» አለኝ።

ሰዓቴ አልቋል። ዕቅዳችሁን ይዛችሁ የመጣችሁ ተማሪዎች፣ ከኋላ በኩል ሦስት ጠረጴዛ ተዘጋጅቷል፤ እርሳስና ማድመቂያ ብዕር አለ፤ ግባችሁንና ደቂቃችሁን አስምሩበት፤ ያልገባችሁ ላይ የጥያቄ ምልክት አድርጉ፤ እኔና ሁለት መምህራን እየዞርን እንረዳችኋለን። ወላጆች ቡናው የሚፈላው በወዲያኛው ክፍል ነው። አቦሉ ደርሷል ተብያለሁ፤ በረካው እስኪወርድ ድረስ እባካችሁ ወደዚህ አትመለሱ።